ለእንግዳ ክብር የተደፈነ ስንጥቅ

ስንጥቁ ጠፍቶ አገኘሁት።

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ የወደብ በር ቤተ ክርስቲያንን የእንጨት ወለል በካልሲ ተሻገርኩና ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ስደርስ የእጅ ባትሪዬን አበራሁ። ከወለሉ አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት ከፍ ብሎ፣ በሚያዝያ ወር በገዛ እጄ የለጠፍኩት መለኪያ መኖር ነበረበት። የለም። የሚለካውም ነገር የለም። ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል እንደ አዲስ ሳህን ነጭና ለስላሳ ሆኗል። በመዳፌ ዳሰስኩት። ባትሪውን በጎን አስጠግቼ ጥላ ፈለግኩ። የሠራው ሰው ሙያውን ያውቃል፤ ጥላ እንኳ አላስቀረልኝም።

«እህ? አማረ አይደል?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

እማማ ኦክሬ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት መርተዋል። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ ሙሽራ እንዳስዋበ ሰው ፈገግ ብለው ቆመዋል።

«መለኪያዬ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«አለ፣ አለ፣ አትደንግጪ። አጥበንልሻል።»

ከወጥ ቤት በሾርባ ጎድጓዳ ሳህን አድርገው አመጡልኝ። ሁለት ስስ ፕላስቲኮች ናቸው፤ አንደኛው በሚሊ ሜትር የተሰመረ፣ ሌላው ቀይ መስቀል የታተመበት። ሁለቱ ስንጥቁ ግራና ቀኝ ይጣበቃሉ፤ መስቀሉ በመስመሮቹ ላይ ከተንቀሳቀሰ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ቀኑን፣ መነሻውን ቁጥርና ፊርማዬን በማይለቅ ቀለም ጽፌ ነበር። የእማማ ኦክሬ የዕቃ ሳሙና አስለቅቆታል። ፕላስቲኩ ያንጸባርቃል።

«"አይነካ" የሚል ጽሑፍ ለጥፌ ነበር እኮ!»

«አልነካነውም! ስድስት ወር ሙሉ ማን ነካው? ልጆቹን እንኳ ስናባርር ነው የከረምነው። አርብ ዕለት ደውለሽ "ማክሰኞ እመጣለሁ፣ የመጨረሻዬ ነው" ስትዪኝ ጊዜ፣ በቃ አለቀ ብለን ነው። ታዲያ እንግዳ ሲመጣ የተሰነጠቀ ግድግዳ እናሳይ?»

«እማማ፣ እኔ የምመጣው ስንጥቁን ለማየት ነው።»

«እሱንማ አይተሽው የለ? ሁለት ጊዜ አይተሽዋል። አሁን ደግሞ ደህናውን እይልን።»

 መደወሌ ለጨዋነት ነበር፤ ሳይናገሩ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው ብዬ። እኛ ሰፈር ደግሞ እንግዳ እንደሚመጣ የሰማ ሰው ሦስት ቀን አይተኛም፤ ያጥባል፣ ይጠግናል፣ የጎደለውን ከጎረቤት ይበደራል። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እናቴ የከተማው አስተዳደር ሰው ቆጣሪ ሊያነብ ሲመጣ እንኳ ቆጣሪውን የምትወለውል ሴት ነበረች።

ነገሩ በመለኪያ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ እንዲህ ባልተበሳጨሁ። የወደብ በር ቤተ ክርስቲያን ከመቶ አሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በቀኝ ማዕዘን የታጠፈ የጡብ ቤት ነው፤ በአንደኛው ክንፍ ወንዶች፣ በሌላኛው ሴቶች እንዲቀመጡና እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተብሎ እንዲያ ተሠራ። ሁለቱንም የሚያየው ማዕዘኑ ላይ ቆሞ የሚሰብከው ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ሁሉም በወንዶቹ ክንፍ ተደባልቆ ይቀመጣል፤ የሴቶቹ ክንፍ የምሳ አዳራሽ ሆኗል። ማክሰኞና ሐሙስ ሰባ ያህል ሽማግሎችና አሮጊቶች እዚያ ይበላሉ። ሩዙን የሚያዋጡት ሴቶቹ ናቸው፤ እያንዳንዷ ቤቷ ሩዝ ባበሰለች ቁጥር አንድ አንድ ማንኪያ ጥሬ እያነሳች በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ታጠራቅምና እሁድ ታመጣለች። አዲሱ ከተማ ከኮረብታው ማዶ ከተሠራ ወዲህ በመሐል ከተማው ሲኒማው ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ የዓሣ ጨረታው አዳራሽ ተዘግቷል። ለአሮጌ ሰው ማክሰኞ ቀን የሚሄድበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

የከተማው የአሮጌ ሕንፃዎች ደንብ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ስፋቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር ያለፈ ስንጥቅ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ካልተንቀሳቀሰ ተደፍኖ ሕንፃው ያገለግላል። መቆሙ ካልተረጋገጠ እንደሚንቀሳቀስ ይቆጠራል፤ ማጠናከሪያ እስኪሠራለት ይዘጋል። «እስኪሠራለት» የሚለው ቃል በመሐል ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ሲኒማውን ያየ ያውቃል። በሚያዝያ ሦስት ነጥብ አንድ አገኘሁ። በሐምሌ ሦስት ነጥብ አንድ። የዛሬው ሦስተኛው ነበር። ጉዳዩን የሚወስነው የከተማው ኮሚቴ አርብ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ በሚያዝያ አስረድቻለሁ። አሁን እንደገና አስረዳሁ። እማማ ኦክሬ እየሰሙ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«ሞክ!» ብለው ተጣሩ። «አንተ ሞክ! ና እስቲ፣ ምን እንዳደረግክ ስማ!»

ሽማግሌ ሞክ ከጓሮ መጡ። በጡረታ ከመገለላቸው በፊት መርከብ ቀቢ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ላይ እስካሁን ነጭ ሲሚንቶ አለ።

«ሦስት እጅ ነው የለሰንኩት» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ቀለሙን ለቅዳሜ ትቼዋለሁ። ሲቀባ ደግሞ ታያለሽ፣ ጌታ ራሱ ቢመጣ አያገኘውም።»

«እኔም አላገኘሁትም» አልኩ።

«እሱን ተወውና» አሉ እማማ ኦክሬ፣ «ቤቱን አስዘጋኸው።»

«እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ "ኢንጂነሯ ከመምጣቷ በፊት፣ ኢንጂነሯ ከመምጣቷ በፊት" እያልሽ እንቅልፍ የነሳሽኝ?»

ሲነታረኩ እኔ መዶሻዬን አውጥቼ በጀርባው ቀስ እያልኩ አንኳኳሁ። ልስኑ ሙሉ ነው፣ ባዶ ድምፅ የለውም። መሮ አውጥቼ ልፈለፍለው አሰብኩ። ብፈለፍለው የስንጥቁ ከንፈሮች አብረው ይረግፋሉ፤ የማገኘው ስፋት የመሮዬ ስፋት ይሆናል። መሮውን መለስኩት።

ሽማግሌ ሞክ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ሁለት ጊዜ ሦስት ነጥብ አንድ ነው ያልሽው። ሦስተኛውስ ከየት ይመጣል? ያው ነው። ጻፊውና እንገላገል።»

«ያላየሁትን?»

«ሲደፈን እኔ አይቼዋለሁ። ያው ነበር።»

«በምን ለኩት?»

«በዓይኔ። አርባ ዓመት መርከብ የቀባሁበት ዓይን ነው።»

«ሽማግሌ፣ በዓይን የሚለካ ቢሆን እኔን ማን ይቀጥረኝ ነበር?»

«እሱስ እውነት ነው» አሉና ቅር ብሏቸው ጢማቸውን አሻሹ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሰዎቹ መግባት ጀመሩ፤ በትር የያዘ፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ተደጋግፎ የሚሄድ። መሄድ ፈልጌ ነበር፤ እማማ ኦክሬ ቦርሳዬን ወስደው ወጥ ቤት ደብቀዋል። የአኩሪ አተር ቡቃያ ሾርባ፣ ሩዝና በበርበሬ የኮመጠጠ የጎመን ኪምቺ ፊቴ ተቀመጠ። ከጎኔ የተቀመጡት አባባ ጉ ናቸው፤ ድሮ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከሙ ነበር፤ አሁን ትከሻቸው አንደኛው ከሌላው በአራት ጣት ዝቅ ብሏል።

«ተኮሳትረሽ አትብዪ፣ ሾርባው ይጎመዝዛል» አሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይብሉ» አሉ እማማ ኦክሬ ጭልፋቸውን ይዘው ሲያልፉ። «ልጅቷን ያበሳጨናት እኛ ነን።» ከዚያ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ይመስለኛል፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «አይዞሽ። ምንም ቢሆን አንድ ጥቅም አለው። ዘንድሮ እንኳ ወረቀት ከመወተፍ ተገላገልኩ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«የምን ወረቀት?»

«ለነፋሱ ነዋ። ለብርዱ የሚሆነውን ኪምቺ ማሰሮ ውስጥ ከትተን ስንጨርስ የዚያን ሳምንት የእሁድ ወረቀት አጣጥፌ እወትፍበታለሁ። የምቀመጠው እዚያ ጥግ አይደል? ልክ ጆሮዬ ላይ ነው የሚነፍሰው። ሲሞቅ አወጣዋለሁ።»

«በየዓመቱ?»

«ታዲያ ነፋሱ በየዓመቱ አይመጣ?»

«እማማ፣ በሚያዝያ "ስለዚህ ስንጥቅ የሚያውቁት ነገር ካለ" ብዬ ጠይቄዎት አልነበረም? "ምንም" አላሉኝም?»

«ስለ ስንጥቅ ነው የጠየቅሽኝ። ስለ ነፋስ መቼ ጠየቅሽኝ?»

አባባ ጉ ሳቃቸው ከሾርባቸው ጋር ትን አላቸው። እኔ አልሳቅኩም። ከመበሳጨቴ የተነሳ ቀስ ብዬ ነበር የተናገርኩት፣ አንድ አንድ ቃል እየለየሁ። «የወተፉትን ወረቀት ሲያወጡት የት ያደርሱታል?»

«የት አደርሰዋለሁ? ቃሉ ተጽፎበት እንዴት ቆሻሻ ላይ ይጣላል? አስቀምጠዋለሁ እንጂ።»

የብስኩት ቆርቆሮ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የተሳሉት አበቦች ግማሹ ተፍቀዋል። ከሩዙ ማሰሮ ጀርባ አወጡልኝ። ውስጡ እንደ ማራገቢያ እየታጠፉ የተደራረቡ የእሁድ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ የመዝሙሩ ቁጥር፣ የዕለቱ ጥቅስና ቀኑ የታተመባቸው። ሁሉም መታጠፊያቸው ላይ ተጨፍልቀው ጠንክረዋል። ሁሉም አንድ ጠርዛቸው ላይ በክፍሉ በኩል የጠቆረ የጥላሸት መስመር አላቸው። ሃያ አንድ ናቸው።

«ሃያ ሁለት መሆን ነበረበት» አሉ እማማ ኦክሬ። «ጉልበቴን ኦፕራሲዮን የተደረግኩ ዓመት ሆስፒታል ነበርኩ። ያኔ ማንም አልወተፈም። ስብከቱን ሁሉ ሲያፏጭ ከረመ አሉኝ።»

ጠረጴዛ እንዲጠረግልኝ ጠየቅኩ። ወረቀቶቹን በቀናቸው ደረደርኩና የድርቦቹን ብዛት ቆጠርኩ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጥሬ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ሞክ እንዲቆጥሩ ሰጠኋቸው፤ የእኔን ቁጥር አላሳየኋቸውም። ከዚያ ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ፣ ሳልጫን፣ ውፍረታቸውን ለካሁ።

የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ዓመታት ስምንት ድርብ፣ አንዳንዴ ዘጠኝ። ከዚያ በአንድ ብርድ አሥራ ዘጠኝ። በቀጣዩ ሠላሳ። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥሩ ሁሉ ሠላሳ ወይም ሠላሳ አንድ። የመጨረሻው፣ ያለፈው ዓመቱ፣ ሠላሳ አንድ፤ በካሊፐር ሦስት ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር።

«አሥራ ዘጠኝ ያጠፉበት ዓመት ምን ሆኖ ነበር?»

«ምን ሆኖ...» እማማ ኦክሬ ቀኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት። ይሄማ የመኪና ማቆሚያውን የሚቆፍሩበት ጊዜ ነው! ጎረቤት። ሦስት ፎቅ ወደ ታች ቆፈሩ እኮ። ሳህኑ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ግድግዳው ጉድጓዱ ሲቆፈር ተከፍቷል፤ ማቆሚያው ተሠርቶ ሲያልቅ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ብርድ አልፏል፣ አልተንቀሳቀሰም። የእኔ ስድስት ወር ያላሳየኝን የብስኩት ቆርቆሮ አሳየኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ንዴት ነው፤ ይህ ሁሉ ከሩዝ ማሰሮ ጀርባ ተቀምጦ እኔ በሁለት ፕላስቲክ ስመላለስ መክረሜ።

አርብ ዕለት እማማ ኦክሬ ቆርቆሮውን በቀይ ጨርቅ ቋጥረው ከእኔ ጋር መጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፒዮን ይባላሉ፤ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ እርሳሳቸውን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አስተካክለው የሚያስቀምጡ ሰው። ቋጠሮው ሲፈታ አዩት።

«ይቅርታ፣ ብስኩት አምጥታችሁ ነው?»

«ብስኩቱ ካለቀ ቆይቷል» አሉ እማማ ኦክሬ።

ሰንጠረዡን አቀረብኩ፤ ሃያ አንድ መስመር፣ የጎደለውን ዓመት ከነምክንያቱ። አቶ ፒዮን በጥሞና አነበቡት። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ጥያቄዎቻቸውን እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እጠይቃቸው ነበር።

«ወረቀቱን ያጠፈው ማነው?»

«እኔ» አሉ እማማ ኦክሬ።

«የመለካት ፈቃድ አለዎት?»

«ስልሳ ዓመት ሩዝ ስለካ ፈቃድ የጠየቀኝ የለም። የራበውም የለም።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ፒዮን አልሳቁም። «ስፋቱን በትክክል እንደሞላው በምን ያውቃሉ? ላላ ብሎ ቢሆንስ?»

«ላላ ካለማ ያፏጫል። ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ ግድግዳው ከኋላ "ፊው" ቢል ሕዝቡ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? አንድ ድርብ ሲጎድል አውቀዋለሁ። አንድ ሲበዛ አይገባም።»

አቶ ፒዮን ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ ታክ፣ ይህ የስንጥቁ ልኬት ነው ብለው ይፈርማሉ?»

እማማ ኦክሬ ዓይናቸውን ፊቴ ላይ ተክለዋል። አንድ ቃል ነው የሚፈልጉት። «አዎ» ማለት እችል ነበር።

«አልፈርምም» አልኩ። «የወረቀቶቹን ውፍረት ለክቻለሁ፤ በእሱ እፈርማለሁ። ስንጥቁን በሚያዝያና በሐምሌ ለክቻለሁ፤ በእሱም እፈርማለሁ። በጥቅምት አልለካሁም።»

«እንግዲህ ደንቡ...»

«ደንቡን አውቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። መለኪያ ፕላስቲክ ከመምጣቱ በፊት ስንጥቅ የሚጠበቀው በጀሶ ነበር። ስንጥቁ ላይ ይለሰናል፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ልስኑ ይሰነጠቃል። ሽማግሌ ሞክ ሳያውቁ ከጣሪያ እስከ ወለል ድረስ መለኪያ ሠርተዋል። ቀለም አልተቀባም። ዛሬ ጠዋት ፎቶ አንስቼ ጠርዙ ላይ ቀን ጽፌአለሁ። ስድስት ወር ስጡንና እንየው።»

ተንሾካሾኩ። ውሳኔው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነበበልን። ሕንፃው አይዘጋም፤ አይፈቀድለትምም። ስድስት ወር ይጠበቃል። እስከዚያ ከማዕዘኑ ሦስት ሜትር ድረስ በገመድ ይታጠራል፤ በምሳ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ከአርባ ሰው በላይ አይገባም። ልስኑ ከተነካ ወይም ከተቀባ ሕንፃው በዚያው ቀን ይዘጋል።

ደረጃውን ስንወርድ እማማ ኦክሬ ቆርቆሮውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ «"አዎ" ብትዪ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«ውሸት ይሆን ነበር።»

«አልተንቀሳቀሰም ብለሽ አላመንሽም?»

«አምኛለሁ።»

«ታዲያ?»

ማመንና መለካት ይለያያል ልላቸው ስል አውቶቡሱ መጣ። ተለይተን ተቀመጥን።

ያ የብርድ ወቅት ረጅም ነበር። እማማ ኦክሬ ምሳውን ለሁለት ፈረቃ ከፈሉት፤ አርባው ሲበላ ሠላሳው በር ላይ ይቆማል። ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ በዚያ መንገድ ላይ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ በአጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበር አወጡላቸው፤ ከዚያ ብርድ ልብስ። አባባ ጉ ሁለተኛው ፈረቃ ደረሳቸው።

«በዕድሜዬ መርከብ ሲራገፍ ተራ ስጠብቅ ኖሬአለሁ» ብለው ነበር ለእማማ ኦክሬ። «ለሾርባ ተራ አልጠብቅም። ቂም አይደለም። ጉልበቴ አይችልም።»

«ቤት ላምጣልዎት?»

«ቤትማ ብቻዬን ምኑን እበላዋለሁ?»

ሄዱ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጡም።

እኔ ከዚያ በኋላ ሳልደውል ነበር የምመጣው። ለእነሱ ስድብ ነው፤ አውቃለሁ። ምሳ ሳይዘጋጅ፣ ወለሉ ሳይወለወል ከተፍ እላለሁ፤ እማማ ኦክሬ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ይጠቁራል። በታኅሣሥ ስመጣ ለገና የወርቅ ወረቀት ኮከብ ሰቅለዋል። ምስማሩ የተመታው ከልስኑ በሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

«ማን ነው ይህን የመታው?» ብዬ ጮህኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

«ልስኑን አልነካንም!» አሉ ሽማግሌ ሞክ ከመሰላሉ ላይ። «በሜትር ለክቼ ነው ያራቅኩት! ሃያ ሁለት!»

«መዶሻ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል እኮ!»

«የገና ኮከብ ሌላ የት ይሰቀላል? ከመቶ ዓመት ጀምሮ እዚሁ ነው የሚሰቀለው። ምስማሩም የድሮው ቀዳዳ ውስጥ ነው የገባው፣ ነይ እይው!»

አየሁት። የድሮው ቀዳዳ ነው። ልስኑን ከላይ እስከ ታች በአጉሊ መነጽር ሄድኩበት፤ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ምንም የለም። ይቅርታ ለመጠየቅ ሳቅማማ እማማ ኦክሬ ትኩስ የገብስ ሻይ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡና ሄዱ።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሳልናገር መጣሁ። የወንዶቹ ክንፍ ወለል ያብለጨልጫል፤ መስኮቶቹ ታጥበዋል። ገመዱ ውስጥ ያለው ማዕዘን ብቻ ጠቁሯል። የስድስት ወር የምድጃ ጭስና አቧራ ልስኑ ላይ ተጋግሯል፤ ከጣሪያው አንድ የሸረሪት ድር እስከ ትከሻዬ ድረስ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ላይ አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተንጠልጥሎ ማዕዘኑን ከእሁድ እንግዶች ሸፍኖታል።

«አሳፈረን እኮ» አሉ እማማ ኦክሬ፣ ጨርቁን ወደ ጎን እየሰበሰቡልኝ። «ሰው ሁሉ "እነ ኦክሬ ሰነፉ" ይለናል። አንድ ቀን ሌሊት እንኳ ልነሳና ልጥረገው ብዬ ነበር። ሞክ ያዘኝ።»

አቧራው ጠቅሞኛል። ልስን ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብትከፈት አቧራው እሷ ላይ ተቋርጦ ነጭ መስመር ያሳያል። በባትሪ ከግራ ሄድኩ፣ ከቀኝ ሄድኩ፤ በአጉሊ መነጽር ከወለል ጀምሬ በመሰላል እስከ ጣሪያ ወጣሁ። አቧራው አልተቆረጠም። ፎቶ አነሳሁ፤ የጥቅምቱን ፎቶ አጠገቡ ይዤ እንደገና አነሳሁ። ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ሽማግሌ ሞክን እንደ ምስክር አስፈረምኩ። ይህን አቶ ፒዮን እንቢ አይሉም፤ ቅጹ ላይ ቦታ አለው።

«አለቀ?» አሉ ሽማግሌ ሞክ።

«አለቀ። አልተንቀሳቀሰም። ስድስት ወሩም ሞልቷል፤ ከሰኞ ጀምሮ ገመዱ ይነሳል።»

ሽማግሌ ሞክ መሰላሉን ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ቀለም ሊበጠብጡ እንደሆነ አካሄዳቸው ይናገር ነበር። አዳራሹ ውስጥ ምሳ እየተበላ ነው። የገባውን ሰው ቆጠርኩ፤ ልማድ ሆኖብኛል። ሠላሳ ስድስት። በር ላይ የቆመ የለም፤ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ሁለተኛው ፈረቃስ?» አልኩ።

«የለም» አሉ እማማ ኦክሬ። «አሥራ አንዱ ልጆቻቸው ጋ ተወስደዋል። ሌሎቹን እንጃ። ጉ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩ ተዘግቷል። ጎረቤቱ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ወሰዱት አለኝ፤ የትኛው እንደሆነ አላወቀም።» እጃቸው ሽርጣቸውን ይዟል። «አሁን ሰባ ሰው ይገባል አልሽ?»

«ይገባል።»

«እ...»

 ያየሁትን ጽፌአለሁ፣ የጻፍኩት ትክክል ነው።

ቦርሳዬን ስዘጋ ማዕዘኑን እያዩ ቆመው ነበር።

«አሁን ልጥረገው?»

ፎቶዎቹን እንደገና ከፈትኩ። ሁሉም መውጣታቸውን አንድ በአንድ አረጋገጥኩ።

«አሁን ይችላሉ» አልኳቸው።

መጥረጊያ ጨርቅ ከሽርጣቸው ኪስ አወጡ። አስቀድመው አርጥበው ጨምቀውት ኖሯል።